በእሳት ያላለፈ ቢላ

አባቴ ሲታመም ያልጸለየልን ሰው አልነበረም። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያናችን የሃይማኖት አስተማሪ፣ ካቴኪስቱ፣ በየቀኑ እየመጡ መቁጠሪያ አስደገሙን፤ የሰፈሩ ሙስሊሞች ዱዓ አደረጉለት፤ እናቴ ዘጠኝ ቀን ጾመች። በዘጠነኛው ቀን ጠዋት አባቴ ሻይ ጠየቀ። ግማሽ ብርጭቆ ጠጣ፤ እኛም እልል ልንል ምንም አልቀረንም። በማግስቱ ሞተ። ለቅሶው ላይ "ላያስችል አይሰጥም" ያላለኝ ሰው የለም። እኔን ግን አላስቻለኝም።

ያን ጊዜ እግዚአብሔርን ካድኩ ብል ማጋነን ይሆናል። ቄሳችን ዘንድ ሄጄ "አባ፣ ለምን?" ብዬ ጠየቅኋቸው። ደግ ሰው ናቸው፤ እጄን ይዘው "ልጄ፣ ፈቃዱ ነው" አሉኝ። ሐኪሙንም ጠየቅሁት። "ጉበቱ ነው፤ ቶሎ ብታመጡት ኖሮ ጥሩ ነበር" አለኝ። የሐኪሙ መልስ ይበልጥ አመመኝ፤ ቢያንስ ግን ልመረምረው የምችለው መልስ ነበር። ከዚያ ወዲህ የማልመረምረውን ነገር ላለማመን ለራሴ ቃል ገባሁ። መቁረብ ተውኩ። እናቴ ስትጠይቀኝ "እዚያው ሆሳዕና ከተማ ቆርቤያለሁ" እላት ነበር። ይህን ውሸት ስዋሽ አላፍርም ነበር፤ የሚያሳፍረኝ አሁን ሳስበው ነው።

ሆሳዕና የማስተምረው ባዮሎጂ ነው። ሦስት ዓመት እንዲህ ሆኜ ኖርኩ። ክፍል ስገባ ድምፄ ከፍ ይላል፤ ተማሪዎቼም ደስተኛ ሰው እመስላቸዋለሁ። በእውነቱ ግን ተስፋ ቆርጬ ነበር። ጸሎት የለመደ አፍ ጸሎት ሲያጣ የሚይዘው ያጣል። እኔ ባጃጅ ውስጥ ተቀምጬ ሳይቀር በለሆሳስ የሴል ክፍሎችን እደግም ነበር፤ ኑክሊየስ፣ ሳይቶፕላዝም፣ ሚቶኮንድሪያ። አንድ ቀን ባለባጃጁ ዞር ብሎ "መምህር፣ ውዳሴ ማርያም ነው?" አለኝ። "አዎ" አልኩት። ምን ልበለው?

እናቴ የምትኖረው ከሺንሺቾ ትንሽ ወጣ ብሎ፣ አባቴ በተከለላት እንሰት መካከል ነው። ስድስት ረድፍ፣ በየረድፉ አሥር አሥራ አንድ እግር። እንሰትን የማያውቅ ሰው ሙዝ ነው ብሎ ያልፈዋል። ለእናቴ ግን ጎተራዋም ጡረታዋም እሱ ነው። አንዱ እንሰት ተፍቆ ቆጮ ለመሆን እስኪደርስ አምስት ስድስት ዓመት ይፈጃል፤ ስለዚህ አባቴ ከሞተ በኋላም የምትበላው የእሱን ድካም ነበር። ቆጮዋን ስትቆርስ "የአባትህ ነው" ትለኛለች።

ባለፈው ዓመት መስቀል እንዳለፈ ደወለችልኝ። ስልክ ላይ የምታሳጥር ሴት ናት። "ከአጥሩ በኩል ያለው እንሰት ታሟል፤ ና እየው" አለችኝ። እሑድ በማለዳ ሚኒባስ ይዤ በአንጋጫ፣ ከዚያም በዱራሜ አድርጌ ደረስኩ። የእንሰቱ መካከለኛ ቅጠል ቢጫ ሆኖ እንደተሰበረ ክንድ ተንጠልጥሏል። አንዱን የቅጠል ዘንግ ከግንዱ አጠገብ ቆረጥኩት። ትንሽ ቆይቶ ከቁርጡ ቢጫ የሆነ ዝልግልግ ፈሳሽ ወጣ። አጠውልግ የሚሉት በሽታ መሆኑን ስሙን ሰምቼ አውቃለሁ። ወደ ውስጤ የመጣውን ስሜት ብናገር ይታመናል? ደስ አለኝ። ሊመረመር የሚችል መከራ አገኘሁ ብዬ ደስ አለኝ።

ቁራጩን በፌስታል ጠቅልዬ ሆሳዕና ወሰድኩት። ሰኞ ከሰዓት፣ ተማሪዎቹ ከወጡ በኋላ፣ ስስ አድርጌ ልጬ በጠብታ ውሃ ውስጥ ማይክሮስኮፑ ሥር አስቀመጥኩት። ከቁርጡ ጠርዝ ጭስ የመሰለ ነገር ወደ ውሃው ይፈስሳል። ጭሱ ሕይወት ያለው ነበር፤ ቁጥር የሌላቸው ባክቴሪያዎች። ዐይኔን ሳላነሳ እስኪደክመኝ አየሁት። አባቴን በልቶት የሄደውን ነገር ማንም እንዲህ አላሳየኝም። ይህኛውን ግን እጁን እንደያዝኩት ሌባ አየሁት። እየታየኝ የመጣው ነገር እውነት ነው፣ ይኸው እውነት፣ ይህን ይዤ መኖር እችላለሁ አልኩ። ከሦስት ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥሩ እንቅልፍ ተኛሁ።

ስለዚህ ጓሮውን በሙሉ ላጠናው ወሰንኩ። ባለካሬ ደብተር ገዛሁ። ለእያንዳንዱ እንሰት አንድ ካሬ ሰጠሁት። ሥራዬ ቀላል ነበር፤ እሑድ እሑድ አንድ ረድፍ እይዛለሁ፤ ከእያንዳንዱ እግር አንድ የቅጠል ዘንግ እቆርጣለሁ፤ ፈሳሽ ይወጣ እንደሆነ ጠብቄ እጽፋለሁ፤ ወደሚቀጥለው አልፋለሁ። ረድፉን ከመጀመሬ በፊት ሁልጊዜ የታመመውን እንሰት እንደገና እቆርጠዋለሁ፤ የበሽታው ፈሳሽ ምን እንደሚመስል በዐይኔ ይዤ ለማነጻጸር ነው። ይህን ማነጻጸር በጣም እኮራበት ነበር።

በእኛ አገር እንሰት መትከል የወንድ፣ መቁረጥና መፋቅ የሴት ነው። ወንድ ልጅ ቢላ ይዞ እንሰት መካከል ሲውተረተር ያስቃል። ጎረቤታችን በአጥሩ ላይ አንገቷን ብቅ አድርጋ "መምህር፣ ሚስት ብታገባ አይሻልህም?" አለችኝ። እናቴም ሳቀች። ቤተ ክርስቲያን ሄዳ ስትመለስ ጓሮ ስታገኘኝ ቅዳሴ ያልገባሁበትን ምክንያት አትጠይቀኝም ነበር። ልጇ ለአባቱ እንሰት እየደከመ ነዋ።

ሥራውን የጀመርኩ ዕለት ግን አንድ ነገር አደረገች። የታመመውን ቆርጬ ወደ ሁለተኛው ስራመድ ከማድ ቤት ወጥታ "ቢላውን ስጠኝ" አለችኝ። ወስዳ እሳቱ ላይ ግራና ቀኙን አገላበጠችው። ብረቱ ሲጠቁር በላዩ አማተበችና መለሰችልኝ።

"ቢላ ከታመመ እንሰት ወደ ጤነኛው በእሳት ሳያልፍ አይሄድም" አለችኝ። "አማቴ ናት ያስተማረችኝ።"

"ለምን?"

"ክፉው አብሮት እንዳይሄድ።"

ክፉው! ሳቄ አመለጠኝ። ጭንቅላቴ ውስጥ ያለው የሰኞው ማይክሮስኮፕ ነው፤ እሷ ስለ ሰይጣን ታወራልኛለች። "እማዬ፣ ካቴኪስቱ ይህን ነገር ተዉ፣ የድሮ እምነት ነው ብለው የለም እንዴ?" አልኳት። እውነት ነው፤ ልጅ ሳለሁ የቀድሞው ካቴኪስት ቢላው ሲቃጠል በእሳቱ ላይ ይደገም የነበረውን የድሮ ቃል ከልክለው ነበር። እኔ ጀግናው፣ የማላምንበትን ቤተ ክርስቲያን ምስክር አድርጌ በእናቴ ላይ አቆምኩ።

"ቃሉን ተውን" አለችኝ። "እሳቱን አልተውንም።"

እሷ ወደ ማድ ቤት ስትመለስ ለማነጻጸር የታመመውን እንደገና ቆርጬ ረድፉን ጨረስኩ፤ በሚቀጥለው እሑድም ከሆሳዕና የራሴን ቢላ ይዤ መጣሁ። እየመጣች እንዳትቀማኝ ነው። ከጄሪካን ውሃ አፈስበታለሁ፣ በመሐረብ እወለውለዋለሁ፣ ወደሚቀጥለው እሄዳለሁ። እናቴ ከበሩ ሆና አየችኝ። የተማረ ልጅ አላት፤ የተማረ ልጅ እንዴት ይከራከሩታል?

በኅዳር መጨረሻ በመጀመሪያው ረድፍ ሁለት እግር ቢጫ ሆነ። በታኅሣሥ ረድፉ በሙሉ ማለት ይቻላል ወደቀ። ከዚያ ሁለተኛው፣ ከዚያ ሦስተኛው። እኔ እጽፋለሁ። የታመመውን ካሬ በቀይ እስክሪብቶ እሞላለሁ። ቀዩ በበዛ ቁጥር እኔም እበረታለሁ፤ እውነቱ ሊደረስበት ነው እያልኩ። ጓሮው የእናቴ ምግብ መሆኑን አልዘነጋሁም፤ ግን በሽታው እንደሆነ መጥቷል፣ እኔ ባልኖርም ይሄው ነው እል ነበር።

እናቴ ግን ወደ ራሷ ዞረች። "ምን በደልኩት?" ትላለች፣ እንሰቱን ሳይሆን እግዜርን ማለቷ ነው። ኃጢአቷን ፍለጋ ዕድሜዋን ወደ ኋላ መፈተሽ ጀመረች። ከብዙ ዓመት በፊት ከአንዲት ጎረቤት ጋር ተኳርፋ ሳትታረቅ ቆርባ ነበር። ሴትየዋ አሁን በጣም አርጅተዋል። ሄዳ እግራቸው ላይ ወደቀች። አሮጊቷ ጸቡ ቀርቶ እናቴ ማን እንደሆነች እንኳ አላስታወሱም። "ተነሺ ልጄ፣ ይቅር ብያለሁ" አሏት፤ እናቴ እያለቀሰች ተመለሰች። በሳምንቱ አራተኛው ረድፍ መጠውለግ ጀመረ።

ሰዉም ዝም አላላትም። "እግዜር ሲቆጣ በትር አይቆርጥም" የሚለውን ተረት ለማጽናናት ብለው ፊቷ የሚተርቱ ነበሩ። እሷም አመነች። መጀመሪያ ረቡዕና ዓርብን ጾመች፤ ቀጥሎ ሳምንቱን በሙሉ እስከ ማታ ድረስ እህልም ውሃም ሳትቀምስ መዋል ጀመረች። ፊቷ ገባ። ቀሚሷ ትከሻዋ ላይ መቆም አቃተው። እኔ ተቆጣኋት። "ባክቴሪያ ነው እማዬ፤ ባክቴሪያ ስለ ጾምሽ ምን አገባው?" አልኳት። "ማን ላከው?" አለችኝ። የዚህን መልስ ያገኘሁት ከሳምንታት በኋላ ነው።

በየካቲት አንድ እሑድ፣ እሷ ቤተ ክርስቲያን ሳለች፣ በረንዳው ላይ በርጩማ ስቤ ደብተሩን ከፈትኩ። ሁለት ቀኖችን ጎን ለጎን ልጻፍ ብዬ ነው፤ እያንዳንዱ እንሰት መጀመሪያ የተቆረጠበትንና መጀመሪያ የጠወለገበትን። በሽታው በነፋስ ቢመጣ ከነፋሱ አቅጣጫ፣ በውሃ ቢመጣ ከቁልቁለቱ ጋር ይስማማል ብዬ ነበር። ከሁለቱም ጋር አልተስማማም። በሽታው የሄደው በእኔ እሑዶች ቅደም ተከተል ነው። በመጀመሪያው እሑድ የቆረጥኩት ረድፍ መጀመሪያ፣ በሁለተኛው የቆረጥኩት ሁለተኛ። በየረድፉም ውስጥ ቀድሞ የጠወለገው እኔ ቀድሜ የደረስኩበት ነው።

አላመንኩም። ሌላ ምክንያት ፈለግሁ። ሦስተኛው ረድፍ ላይ አንድ ባዶ ካሬ አገኘሁ። ያን ዕለት እንሰቱ ላይ ንብ ሰፍሮ ስለነበር ፈርቼ አልፌው ነበር፤ ከዚያም ሳልመለስበት ቀረሁ። ተነስቼ ወደ ጓሮ ሄድኩ። በግራው ያለው ሞቷል፣ በቀኙ ያለው ሞቷል። እሱ መካከል ላይ አረንጓዴ ሆኖ ቆሟል። ተማሪዎቼ እንኳ ቢያዩት መልሱን ይነግሩኛል።

እዚያው ቁጭ አልኩ። በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ የእሳት ነበልባል እየሣልኩ፣ መሣሪያ ከአንድ ናሙና ወደ ሌላ ናሙና ከመሻገሩ በፊት በነበልባል ማለፍ አለበት ብዬ የማስጽፍ ሰው ነኝ። ፈተና ላይ አወጣዋለሁ። ያልጻፈውን ተማሪ ዜሮ እሰጠዋለሁ። ይህንኑ ነገር እናቴ ማድ ቤቷ ውስጥ ስታደርገው ስቄባታለሁ፤ ስላማተበችበት ብቻ። ከእሷ አፍ ስለወጣ ብቻ። ያለ ማስረጃ አላምንም ብዬ የማልኩት ሰው ያለ ማስረጃ ናቅሁ፤ ንቀቴንም ሳይንስ አልኩት። በየእሑዱ ከታመመው ጀምሬ በሽታውን በጤነኛው ሁሉ ላይ በእጄ ከተብኩት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ አሁን ገባኝ።

እናቴ ሳትመለስ ሸሸሁ። "ፈተና አለብኝ" የሚል መልእክት ከጎረቤቷ ዘንድ ትቼ ሚኒባስ ያዝኩ። ሁለት እሑድ አልሄድኩም። ሆሳዕና ክፍል ገብቼ ጠመኔ እይዛለሁ፤ ቀጥሎ ምን እንደምል ይጠፋኛል። አንድ ቀን ተማሪዎቹን ዝም ብዬ ደብተር አስገልብጬ ደወሉ እስኪደወል ቆየሁ። እግዚአብሔርን ከተውኩት በኋላ የቀረኝ ይህ ነበር፤ ማየት፣ መለካት፣ መጻፍ። አሁን እሱም እጄ ላይ ሞተ። መጸለይ ፈለግሁ። ማንን እንደምለምን አላወቅሁም፤ ብለምንስ ምን ብዬ?

ልነግራት ይገባል እላለሁ፤ ደግሞ እፈራለሁ። ካልነገርኳት በኃጢአቷ ነው ብላ ራሷን በረሃብ ትገድላለች። ብነግራት ባሏ የተከለውን የገደለው ልጇ መሆኑን ታውቃለች። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ይባላል፤ እኔ ዝም ባልኩበት ቀን ሁሉ የማደርገው ይህንኑ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ዓርብ ራሷ ደወለች። ድምፅዋ ቀጥኖ ነበር።

"ልጄ፣ እግዜር የእኔን ጸሎት አልሰማም" አለችኝ። "አንተ ጸልይልኝ። አንተ ንጹሕ ነህ።"

በማግስቱ ሄድኩ። ከሰዓት ነበር። ቤቱ ገና ከመንገዱ ታየኝ፤ ድሮ ከእንሰቱ የተነሳ ጣራው እንኳ አይታይም። የግብርና ባለሙያው መጥቶ የታመመውን ሁሉ ንቀሉና ቅበሩ ብሎ ኖሮ፣ የሰፈሩ ወንዶች ነቅለው ቀብረውታል። አዲስ የተቆፈረ አፈር ጓሮውን ሞልቶታል። የቀሩት አራት እግር ናቸው። እናቴ ደጃፉ ላይ ተቀምጣለች። ስታየኝ ልትነሳ ሞከረች፣ አልቻለችም።

አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጥኩና ነገርኳት። በራሳችን ቋንቋ፣ በከምባትኛ፣ ቀስ ብዬ። ደብተሩን ጭኗ ላይ ዘርግቼ ማንበብ ለማትችለው ሴት ካሬዎቹን በጣቴ አሳየኋት፤ ይኼ እኔ የቆረጥኩበት፣ ይኼ እሱ የሞተበት። የንቡን እንሰት አሳየኋት። ጣቷን ቀዩ ላይ አድርጋ ከላይ እስከ ታች ተከተለችው።

"ቢላውን አላቃጠልከውም?"

"አላቃጠልኩትም።"

"ነግሬህ ነበር እኮ።"

"ነግረሽኛል።"

"ታዲያ ለምን?"

"ስላማተብሽበት" አልኳት። ከዚያ የቀረውንም ነገርኳት። ከአባቴ ሞት ወዲህ እንዳልቆረብኩ፣ እንደማልጸልይ፣ ሦስት ዓመት እንደዋሸኋት። አንዴ ከጀመርኩ ማቆም አልቻልኩም። አለቅስ ነበር። "አንቺ ምንም አልበደልሽም፤ ማንም አልተቆጣሽም፤ እኔ ነኝ እማዬ። በእኔ ኃጢአት ራስሽን አትግደይ" አልኳት።

ደብተሩን ዘጋችው። ያን ጊዜ የሆነ ነገር ይቀልላታል ብዬ ጠበቅሁ፤ ለዚህ ነበር የመጣሁት። ፊቷ ላይ ግን ያየሁት አባቴ የሞተ ዕለት ያየሁትን ነው።

"ለሌላ ሰው ነግረሃል?" አለችኝ።

"አልነገርኩም።"

"እግዜር ነው ያደረገው በለኝ።"

"እማዬ፣ ይኸው ተጽፎ—"

"የተጻፈውን አየሁ" አለችኝ። ክንዴን ያዘችኝ፤ እጇ አጥንት ብቻ ነበር። "ከእግዜር ጋር ስንት ጊዜ ተኳርፌያለሁ። ሁለት ልጅ ቀብሬ ተኳርፌዋለሁ፤ አባትህ ሲሞት ተኳርፌዋለሁ። መታረቁን አውቅበታለሁ። ከአንተ ጋር ተኳርፌ ግን መኖር አልችልም። የቀረኸኝ አንተ ነህ። እግዜር ነው በለኝ።"

እውነቱ ጭኗ ላይ ነበር። ሦስት ዓመት የፈለግሁት፣ ካገኘሁት ሁሉ ያልተሳሳትኩበት ብቸኛው ነገር። እሷ ደግሞ አልካደችውም፤ ገብቷታል፣ የእሳቱማ ነገር ከእኔ በፊትም ገብቷት ነበር። የጠየቀችኝ እንድዋሽላት ነው፣ ዐይኔን እያየች፣ ውሸት መሆኑን እያወቀች። እንቢ የምልበት ምን ነበረኝ?

"እግዜር ነው" አልኳት።

"እንደገና በል።"

"እግዜር ነው፣ እማዬ።"

አማተበች። ከዚያ ትከሻዬን ተደግፋ ተነሳችና ወደ ቤት ገባች። ገና ጀንበር አልጠለቀችም ነበር። ከእንስራው ውሃ ስትቀዳና ቆማ ስትጠጣ ከውጭ ሰማኋት።